ከሣጥን የወጣ፦ የአርቦዬ የጉዞ ማስታወሻ

አዳማን ለቆ አዋሽን የተሻገረ መኪና ብዙም ሳይቆይ ደራ ይገባል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው መንገደኛ ሽቅብ ወደ ኢተያና ወደ አሰላ ይነጉዳል። ስንዴው፣ ገብሱ፣ ጭላሎ ተራራ፣ የሯጮቹ አገር በቆጂ ሁሉም በዚያ በኩል ነው። ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ግን በስሬ አድርጎ ጀጁ ወረዳ ይገባል። የወረዳው ከተማ አርቦዬ ናት። ስለ አርሲ ሲወራ ስሟ ቶሎ አይነሳም፤ ጎብኚም እሷን ብሎ አይመጣም። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ አንድ ዘንግ ነው።

ዘንጉን ያየሁት አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ከተደረደሩት የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ ነው። ከመስቀሎቹ፣ ከጋሻዎቹና ከጀበናዎቹ ጀርባ ጥግ ይዞ ቆሟል። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ እጅ ብዛት ያለሰለሰው እንጨት ነው። ሻጩ «የአርሲ ነው፤ ግድግዳ ላይ ያምራል» አለኝና ዋጋውን ጠራ። የማን እንደነበረ ስጠይቀው ሳቀ። «ዕቃ እኮ ነው ወንድሜ፤ የማንም አይደለም።» ሰውዬው ክፋት አልነበረበትም፤ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ቢሆንም ዘንጉ የኦሮሞ ሴቶች የሚይዙትን ሲንቄ ይመስል ነበርና መልሱ አልዋጥልህ አለኝ። ሲንቄ ከሆነ የማንም ያልሆነበት ቀን ሊኖር አይችልም።

አርቦዬ እንደ አሰላ አታንዘፈዝፍም። ጀጁ ከአዋሽ ሸለቆ ቆላ ተነስቶ ወደ ደጋው የሚወጣ አገር ስለሆነ፣ መንገዱ ላይ ግራርና ቁጥቋጦ ያየ ሰው ጥቂት ቆይቶ የጤፍ ማሳ መሀል ራሱን ያገኘዋል። ከተማዋ ውስጥ ባጃጅና የአህያ ጋሪ አንዱን መንገድ ይሻማሉ። ከአርሲ ሁሉ አርቦዬን የመረጥኩት የአገሩ ልጅ የሆነ አንድ አስተማሪ ወዳጄ ስላለ ነው፤ ያረፍኩትም እሱ ዘንድ ነው። እሱም ነገሬን ሰምቶ ሲያበቃ «አክስቴ ጋ እንሂድ» አለኝ።

አክስቱ ገና በሩን ስናልፍ አንድ ጥያቄ ወረወሩልኝ። «አሮጌ ዕቃ ልትገዛ ነው የመጣኸው?»

«የለም እማማ፤ ልጠይቅ ነው።»

«መጠየቅ ከሆነማ ቡና ይፈላል፤ ተቀመጥ።»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ኋላ ገባኝ። በየገጠሩ እየዞሩ አሮጌ ዕቃ የሚለቅሙ ሰዎች ይመጣሉ። የዱሮ ብር፣ የእንጨት በርጩማ፣ ዶቃ፣ የወተት ዕቃ፣ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ቤት ይሸጥላቸዋል። የትምህርት ቤት ወጪ አለ፤ የሆስፒታል አለ፤ በሚሸጠው ሰው መፍረድ አይቻልም። እኚህ ሴት ግን ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ በልባቸው ከለዩ ቆይተዋል።

ቡናው ሲቆላ ወደ ጓዳ ገብተው ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ቁመቱ ከደረታቸው በላይ ነው። ከታች ጠቆር ብሎ እጃቸው በሚይዘው ቦታ ላይ ያብረቀርቃል፤ ቅቤና ዓመታት የጋራ ሥራቸውን ሠርተውበታል። ግድግዳ ላይ አላስደገፉትም፤ መሬት ላይም አላጋደሙትም። እያወሩ ሳሉም ከእጃቸው አልወጣም።

ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት ዘንግ ነው። ሀሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ይቆረጣል። ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ ይዛው ትወጣለች፤ በባሏም ቤት በወግ የተዳረች እመቤት መሆኗ የሚታወቀው በእሱ ነው። ከብት አይነዳበትም፤ ሰውም አይመታበትም። ባል ከልክ አልፎ ያንገላታት እንደሆነ፣ በተለይ አራስ ሳለች ክብሯ የተነካ እንደሆነ፣ ሲንቄዋን አንስታ ከደጅ ትወጣና ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ባለሲንቄ ሁሉ ሥራዋን ጥላ ዘንጓን ይዛ ትወጣለች። ሴቶቹ አንድ ላይ ይቆማሉ፤ ጥፋተኛው ጥፋቱን አምኖ ካልካሰና ካልታረቀ ወደየቤታቸው አይመለሱም። ጎሣ ከጎሣ ተጋጭቶ ጦር ሲማዘዝም ሲንቄያቸውን ይዘው መሀል ይገባሉ። ያንን አልፎ የሚወረውር ወንድ በአገሩ ሰው ፊት ነውረኛ ነው። ዩኔስኮ የኦሮሞን የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር፣ አብሮ ስሙ ከሚነሳው ወግ አንዱ ይኸው ነው።

«እርስዎ ወጥተውበት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ለራሴ አልወጣሁም፤ አላህ ይመስገን። ለጎረቤቴ ወጥቻለሁ። ወጥ እሳት ላይ ትቼ ነው የወጣሁት። አረረ።» ሳቁ። «ሰውዬው ግን ታረቀ።»

አብዛኛው ሰው ቤቱ የሚያስቀምጠው ማስታወሻ ወደ ኋላ የሚያሳይ ነው። የምርቃት ፎቶ፣ የሟች ሰዓት፣ ከሐጅ የመጣ መቁጠሪያ ያለፈን ቀን ይመልሳሉ። የአክስቲቱ ዘንግ ያለፈ ቀን አለበት፤ እናታቸው በሠርጋቸው ዕለት ሰጥተዋቸዋል። ዋና ሥራው ግን ገና ላልመጣ ቀን ነው። ነገ አንዲት ሴት ብትጮኽ እኚህ ሴት ወጥ ጥለው የመውጣት ዕዳ አለባቸው። ዕቃው ጓዳ የሚቆየው ያንን ዕዳ ይዞ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ሻጭ «የማንም አይደለም» ሲል ሳያውቀው ልክ ነበር ማለት ነው፤ እዚያ ቆሞ ሳለ ማንንም አይጠራም።

ነገሩን ማሳመር ብቻ ግን አይገባም። ተጠልፋ ወይም ኮብልላ ያገባች፣ በወግ ያልተዳረች ሴት ሲንቄ አይኖራትም። ጥላው ሰፊ ነው፤ ሁሉንም ግን አያስጠልልም። ይህን ስናገር አክስቲቱ አልተከራከሩኝም። «ፍርድ ቤት ለዚያ ነው» ብለው ቡናውን ቀዱ።

ሁለተኛው ሲኒ ላይ አንገታቸው ላይ ያለውን አየሁት። በጨሌ መሀል ጆሮ የተበየደለት አንድ ጠገራ ብር ተንጠልጥሏል። የማሪያ ትሬዛ ምስል በመታሸት ብዛት አፍንጫዋ ጠፍቷል፤ 1780 የሚለው ቁጥር ግን ይነበባል። ዓመቱ ንግሥቲቱ የሞቱበት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየናም በሌሎች የአውሮፓ ከተሞችም የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀረ። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላዩ ንጹሕ ብር ነው። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ አስመትተው ሊተኩት ቢሞክሩም ገበያው የለመደውን አልለቅ አለ። ጠገራው ከመደበኛ መገበያያነት የወጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ ነው። ያኔ ከገበያ የወጣው ብር ወደ ሁለት ቦታ ሄደ። አንዱ ወደ አንጥረኛ ሄዶ መስቀል፣ አምባርና ድሪ ሆነ። ሌላው እንዲህ ጆሮ ተበይዶለት ወደ ሴቶች አንገት ወጣ።

«የእናቴ እናት ናት» አሉኝ ብሩን በጣታቸው እየነኩ። «አያቴ የሰጠችኝ ነው» አላሉም፤ «ናት» አሉ። የንግሥቲቱ ፊት ሲጠፋ በቦታው ሌላ ሴት ገብታለች። ለገዢ ቢሸጡት ሚዛን ላይ የሚወጣው ብሩ ብቻ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ወዳጄ አንድ ሐጂ ቤት ወሰደኝ። ከበሩ ኋላ ጫፉ መንታ የሆነ በትር ቆሟል። ባሌ ውስጥ ድሬ ሼህ ሁሴን ወደሚባለው የዚያራ ቦታ የሚጓዝ ሰው የሚይዘው ኡሌ ነው። በዓመት በሁለት ወቅት፣ በአረፋና በመውሊድ ሰሞን፣ ከአርሲም ከሐረርጌም ከሩቅም በእግር የሚተምም ሕዝብ ይህን መንታ በትር ይይዛል። ሲመለስም ጀዋራ የሚሉትን የመስጊዱን አካባቢ ነጭ አፈር ለቤተሰብ ይዞ ይመጣል። ሐጂ በትሩን የሚያነሱት ወደዚያ ለሚሄዱበት ጊዜ ብቻ ነው። እግራቸው ስለደከመ አሁን የልጃቸው ልጅ ይዞት ይሄዳል። «እኔ ባልሄድም በትሩ ይሄዳል» አሉ፤ ያሉት እንደ ቀልድ አልነበረም።

ቀልዱን ያመጡት ከኪስ ቦርሳቸው ነው። አጣጥፈው ያስቀመጡትን የድሮ መቶ ብር ዘረጉልኝ። በአንድ ገጽ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በሌላው ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ሰው ያለበት ነው። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖት ሲቀየር ሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። ሐጂ ሌላውን ሁሉ ቀይረው ይህችን አስቀሩ። ልጃቸው በመጀመሪያ ደመወዙ ከአዳማ የላከላቸው ብር ውስጥ ያለች ናት። «ጥሩ ገንዘብ ናት» አሉ፤ «ባንክ አይወስዳት፣ ሌባ አይሰርቃት፣ ሚስቴ አታጠፋት።» ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው የመለሱት ነገር ነበር፤ ወዳጄ ግን ሊተረጉምልኝ አልፈለገም።

ማታ ወደ አክስቲቱ ቤት ተመልሰን ስንጨዋወት የልጅ ልጃቸው የቆርቆሮ ጣሳ አምጥታ ጭኗ ላይ ዘረገፈችው። ጣሳው የመርቲ ነው። መርቲ የጀጁ ጎረቤት ወረዳ ነው፤ የቲማቲም ድልሁና ማርማላታው በቆርቆሮ ታሽጎ አገር ለአገር ሲዞር የኖረ፣ ጣሳውም ባዶ ሲሆን በየቤቱ ስንት አገልግሎት የሰጠ ነው። በዚህ ቤት የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል። ከሟች አያቷ ካፖርት የተፈቱ ትልልቅ ጥቁር ቁልፎች፣ የሠርግ ቀሚስ የዕንቁ መሳይ ቁልፎች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ ቁልፎች። ልጅቷ እያነሳች «ይኼ የማን ነው?» ስትል አያቷ አንድ በአንድ ይመልሱላታል። ቁልፍ ገዢ የማይመጣለት ዕቃ ስለሆነ ማንም አልነካው። ጣሳው ውስጥ የዚያ ቤት የትውልድ ሐረግ በሙሉ አለ።

ከቁልፎቹ መሀል አንድ አሥር ሳንቲም ተገኘ፤ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ይመታ የነበረው፣ በአንድ ገጹ አንበሳ በሌላው አጋዘን ያለበት። ልጅቷ የአንበሳውን ታውቃለች፤ ያኛውን «ፍየል» አለችው። ተራራ ቢታይ ኖሮ አጋዘኑ የሚኖርበትን አገር በጣቴ አሳያት ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ያለው በአርሲና በባሌ ተራሮችና በዙሪያቸው ነው። ለዓለም ሳይንስ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት የአርሲ ተራሮች አድኖ ገደለና ቀንዱን ይዞ አገሩ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሪቻርድ ሊዴከር የሚባል ተመራማሪ አዲስ ዝርያ መሆኑን ጽፎ አሳወቀ። የሳይንስ ስሙም በአዳኙ ስም «በክስቶናይ» ተባለ። የአርሲ ሰው እንስሳውን ሲያየው ኖሯል። ስሙን ያስጻፈው ግን ቀንዱን የወሰደው ነው።

ይህን የምለው ሰብሳቢን ሁሉ ለመውቀስ አይደለም። ሰብሳቢ ባይኖር ብዙ ነገር ጠፍቶ ይቀር ነበር። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ያቀረበው በብሔር በብሔረሰብ ለይቶ አይደለም። ከልደት ተነስቶ በልጅነት፣ በጎልማሳነትና በሞት በኩል እንደ ሰው ዕድሜ ደርድሯቸዋል። እዚያ የሚዞር ሰው ዕቃው በሰው ሕይወት የትኛው ቀን ላይ እንደሚገባ ይገባዋል፤ አሰባሰብ እንዲህም ይሆናል። የበክስተን ዓይነቱ አሰባሰብ የሚለየው ዕቃው ከሰብሳቢው በፊት ታሪክ እንዳልነበረው ስለሚያደርግ ነው።

ሕጉም የራሱን ያህል ይሞክራል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥሩ ነው። ጉምሩክ ላይ የሚቆመው ሰው ግን ሊያቆም የሚችለው ዕቃውን ነው። ሲንቄው ከአርሲ ቸርችል ጎዳና ሲደርስ ድንበር አልተሻገረም፤ ሕግም አልጣሰም። የማን እንደነበረ፣ ለማን እንደተወጣበት የሚናገር ሰው ግን እዚያው አርሲ ቀርቷል።

በተቃራኒው ዕቃው ሩቅ አገር ሄዶ ነገሩ ሳይጠፋ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ሚኒያፖሊስ ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙ ኦሮሞ ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እዚያ የምስጋና በዓሉ ኢሬቻ ሲከበር ሲንቄና እርጥብ ሣር የያዙ ሴቶች ከፊት ይሄዳሉ። የአስተማሪው ወዳጄ እህትም አሜሪካ ነች። አክስቲቱ በየጊዜው ጩኮ አዘጋጅተው ይልኩላታል። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ ታሽቶ ሲያበቃ ብዙ ስለሚቆይ መንገድ አይፈራም። በጩኮው መያዣ ነገር ግን ተጣልተዋል። ልጅቱ የአያቷን የወተት ዕቃ «ለማስታወሻ» ላኩልኝ ብትል አክስቲቱ እምቢ አሉ። ምክንያታቸውን ሲነግሩኝ ዕቃውን አመጡት። አፉ ጠባብ፣ በዛጎል ያጌጠ ቅል ነው፤ ሲያሸቱት የወይራ ጢስ ይላል።

«ይኼ ወተት ካልገባበት፣ ካልታጠነ፣ ቅቤ ካልነካው ይደርቃል። ከዚያ ይሰነጠቃል። እሷ እዚያ ላም አላት?»

ከዚህ የበለጠ የሙዚየም ትምህርት የትም አልሰማሁም። አንዳንድ ዕቃ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ይሞታል። ላም የሌለበት ቤት ቢሄድ መደርደሪያ ላይ ተሰንጥቆ ይቀራል፤ አርቦዬ ቢቀር ደግሞ አንድ ቀን ማገልገሉን ያቆምና ሌላ ቅል ይተካዋል። አክስቲቱ ሁለተኛውን መርጠዋል።

ስለ ሲንቄውም ሳልጠይቅ መሄድ አልሆነልኝም። «ለልጅዎ ያወርሱታል?» አልኳቸው። ጥያቄው አስገረማቸው።

«ለምን? የልጄን እኔ ራሴ አስቆርጬ ሰጥቻታለሁ። የእኔ የእኔ ነው።»

በሚቀጥለው ቀን ወደ አሰላ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ይህንን መልስ ነው። ቅርስ ሲባል ጆሮአችን የሚሰማው አሮጌነትን ነው። ገዢውም የሚከፍለው ለዕድሜው ነው፤ ሙዚየሙም መግለጫው ላይ የሚጽፈው ዘመኑን ነው። ሲንቄ ግን ትውልድ የሚሻገረው በየሠርጉ አዲስ እየተቆረጠ ነው። የመቶ ዓመቱ ዘንግ ቢጠፋ ወጉ አይጎዳም። የሚጎዳው ሀሮሬሳ የምታስቆርጥ እናት ስትጠፋ፣ ወይም ጩኸት ሰምታ ወጥ ጥላ የምትወጣ ጎረቤት ስትጠፋ ነው። እንግዲህ አሮጌውን ስናሳድድ የምንይዘው የወጉን ቅርፊት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አርሲ ለሚሄድ ሰው የምለው ቀላል ነገር ነው። መግዛት ነውር አይደለም፤ ገበያው ላይ ለሽያጭ የተሠራ አዲስ ቅል፣ አዲስ ዶቃ፣ አዲስ ስፌት ይገኛል፤ የሠራችው ሴት ገንዘቡን ትፈልገዋለች። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ግን ከዋጋው በፊት የሰጠውን ሰው ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና መጨረሻ የተሠራበትን ጊዜ ይጠይቅና ወረቀት ላይ ጽፎ ዕቃው ላይ ይሰር። መልስ ካላገኘ ይተወው። ለአርቦዬ ትምህርት ቤቶችም ከዚህ የማይከብድ የቤት ሥራ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ዕቃ ይምረጥ፤ አያቱን «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ደብተሩ ላይ ያስፍር። ያቺ ልጅ ቁልፎቹን ይዛ ጀምራዋለች። የሚጎድላት እስክሪብቶ ብቻ ነው።